ነግ በእኔ ያሉ ጎረቤቶች፦ የኦክላንድና የሳን ሆዜ የበጎ ፈቃድ ታሪክ ለእኛ ምን ይነግረናል?



በሳን ሆዜ አየር ማረፊያ አልፋችሁ የምታውቁ ሁሉ መግቢያው ላይ የተጻፈውን ስም አይታችሁታል፤ ኖርማን ሚኔታ ይላል። ብዙዎቻችን ሻንጣ እየጎተትን፣ ልጆቻችንን እየቆጠርን እናልፈዋለን እንጂ ሰውየው ማን እንደነበረ አንጠይቅም። ዛሬ ስለ እሱ፣ እንዲሁም በዚህ በቤይ ኤሪያ ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም ለጎረቤታቸው መብት ስለቆሙ ሰዎች ልጽፍላችሁ ፈለግሁ።

ምክንያት አለኝ። እህቶች በተገናኘን ቁጥር የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። በየሰፈሩ የሰላምና የማኅበራዊ ፍትሕ ቡድኖች አሉ። አንዷ እህት የልጇ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ሌላዋ በሥራ ቦታዋ፣ ሌላዋ ደግሞ በመስጂድ በኩል በጎ ፈቃደኛ እንድትሆን ትጋበዛለች። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ «እኛ ስደተኞች ነን፣ የሰው አገር ጉዳይ ምን አገባን? አርፈን ልጆቻችንን ብናሳድግ አይሻልም?» ሌላዋም «ሰዎቹ እኮ ሙስሊም አይደሉም፣ ከእነሱ ጋር መሥራት ይቻላል ወይ?» ትላለች።

ሁለቱም ጥያቄዎች ከልብ የሚጠየቁ ናቸውና ልናቃልላቸው አይገባም። ፈትዋ መስጠት የዑለሞች ሥራ ነው፤ እኔ የምችለው ታሪኩን ማስታወስ ነው። ከአዲስ አበባው ሰልፍ በቀር ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የአሥር ዓመቱ ልጅና የቤዝቦል ዱላው

ኖርማን ሚኔታ በ1931 ሳን ሆዜ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ከጃፓን የመጣ ስደተኛ፣ በኢንሹራንስ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነበር። በዚያ ዘመን በካሊፎርኒያ ሕግ ከጃፓን የመጣ ስደተኛ በስሙ መሬት መያዝ አይችልም ነበርና ቤታቸውን የገዙት ጄ ቢ ፔካም በሚባል የከተማው ጠበቃ ስም ነው። ፔካም ለሌሎች የጃፓን ቤተሰቦችም እንዲሁ አድርጓል። በወረቀት ንብረቱ የእሱ ነበር፤ እሱ ግን አማናውን ጠበቀ።

በታኅሣሥ 1941 ጃፓን ፐርል ሃርበርን ደበደበች። በየካቲት 19 ቀን 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቁጥር 9066 የተባለውን ትእዛዝ ፈረሙ። በዚህ ትእዛዝ መነሻነት በምዕራቡ የባሕር ዳርቻ ይኖሩ የነበሩ 120 ሺህ ያህል የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው በሽቦ አጥር ወደታጠሩ ካምፖች ተወሰዱ። ከእነሱ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት እዚሁ ተወልደው ያደጉ የአሜሪካ ዜጎች ነበሩ። ሰዎቹ የተወሰዱት ያለ ክስና ያለ ፍርድ ነበር። መያዝ የሚችሉት በእጃቸው የሚሸከሙትን ብቻ ነበር። ሱቁን፣ መኪናውን፣ የቤት እቃውን በጥቂት ቀናት ውስጥ በርካሽ የሸጠው ብዙ ነው።

የሳን ሆዜና የአካባቢው ቤተሰቦች የተመዘገቡት ዛሬ ሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ግቢ ውስጥ ባለ የስፖርት አዳራሽ ነበር። ልጆቻችሁ እዚያ የሚማሩ ከሆነ ሕንጻው አሁንም ቆሟል፤ ኡቺዳ አዳራሽ ይባላል። የአሥር ዓመቱ ኖርማን የስካውት ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ የቤዝቦል ጓንቱንና ዱላውን ይዞ ባቡር ለመሳፈር መጣ። ወታደሩ ዱላው መሣሪያ ሊሆን ይችላል ብሎ ቀማው። ቤተሰቡ መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ አጠገብ ወዳለ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ፣ ከዚያም ብርድ ወደሚገርፈው የዋዮሚንግ ካምፕ ተወሰደ።

እስቲ አስቡት እህቶቼ። ያን ቀን በሳን ሆዜ መንገዶች ላይ ሌሎች ሰዎችም ይኖሩ ነበር። ዳቦ የሚገዙ፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሱ፣ ለባቡሩ መንገድ የሚለቁ። አብዛኞቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም። «ይህ የእኔ ጉዳይ አይደለም» ያሉ ሰዎች ነበሩ።

ብቻውን እምቢ ያለው የኦክላንድ ልጅ

በዚያው ጊዜ ኦክላንድ ውስጥ ፍሬድ ኮሬማትሱ የሚባል የ23 ዓመት ወጣት ነበር። በ1919 ኦክላንድ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ወላጆቹ የአበባ ችግኝ ጣቢያ ነበራቸው፤ እሱ ደግሞ በመርከብ ግንባታ ብየዳ ይሠራ ነበር። ወላጆቹና ወንድሞቹ በትእዛዙ መሠረት ሲሄዱ እሱ ቀረ። ስሙን ቀየረ፣ መልኩም እንዳይለይ የዓይኑን ቅርጽ በቀዶ ሕክምና ለማስቀየር ሞከረ። በግንቦት 30 ቀን 1942 ሳን ሊያንድሮ ላይ ያዙት።

እስር ቤት ሳለ ኧርነስት ቤሲግ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ሰው ሊጠይቀው መጣ። ቤሲግ በሰሜን ካሊፎርኒያ የዜጎች መብት ማኅበር ኃላፊ ነበር። የዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች ጉዳዩን በስፋት መያዝ ባይፈልጉም እሱ ጉዳዩን አልለቀቀም። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በታኅሣሥ 18 ቀን 1944 ስድስት ዳኞች በኮሬማትሱ ላይ፣ ሦስት ዳኞች ለእሱ ፈረዱ። ተሸነፈ።

በጣም የሚያሳዝነው ግን የገዛ ወገኖቹ ፊት መንሳታቸው ነው። በካምፑ የነበሩ ብዙዎች «ችግር ያመጣብናል» ብለው ራቁት። እሱም ለአርባ ዓመት ያህል ስለ ጉዳዩ ብዙ አልተናገረም። ልጁ ካረን የአባቷን ታሪክ የሰማችው ከቤት አይደለም፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች አንዲት ጓደኛዋ ስላነበበችው መጽሐፍ ለክፍል ስታቀርብ የቤተሰቧን ስም ሰማች። ስደተኛ እናቶች ይህን በደንብ እንረዳዋለን። ልጆቻችን እንዳይፈሩ ብለን ስንቱን ነገር ዋጥ አድርገን እንይዛለን!

ሰነድ የምታገላብጠው ሴት

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነበር። መልሶ ያነሳው በአመዛኙ ያለ ደመወዝ የተሠራ ሥራ ነው፤ በዚያ ውስጥ ደግሞ የአንዲት ሴት ትዕግሥት ትልቅ ቦታ አለው።

አይኮ ሄርዚግ ዮሺናጋ በ1924 የተወለደች፣ በ17 ዓመቷ ገና እንዳገባች ወደ ማንዛናር ካምፕ የተወሰደች ሴት ናት። ሕግ አልተማረችም፣ የታሪክ ምሁርም አልነበረችም፤ በጸሐፊነት ሠርታ ልጆቿን ያሳደገች እናት ናት። በ1978 ወደ ዋሽንግተን ከተዛወረች በኋላ ማንም ሳያዝዛት ወደ ብሔራዊው ቤተ መዛግብት መመላለስ ጀመረች። በመጀመሪያ የፈለገችው የገዛ ቤተሰቧን ፋይል ነበር። ከዚያ ሰነዶቹን በየቀኑ እያነበበች፣ ኮፒ እያደረገች፣ በየርእሱ እየለየች በሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች ሰበሰበች። በኋላ መንግሥት ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚሽን ሲያቋቁም ለዚሁ ሥራ ቀጠራት።

በ1982 አንድ ቀን እዚያው ቤተ መዛግብት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ አንድ ጥራዝ ዓይኗን ሳበው። ጦሩ በካምፖቹ ጉዳይ ያዘጋጀው ሪፖርት የመጀመሪያ ቅጂ ነበር። ይፋ በሆነው ሪፖርት ሰዎቹ በጅምላ የተነቀሉት ታማኙን ካልታመነው ለመለየት ጊዜ ስላልነበረ ነው ተብሎ ነበር። በመጀመሪያው ቅጂ ግን የተጻፈው ሌላ ነው፤ ጊዜ ቢኖርም እነዚህን ሰዎች መለየት አይቻልም የሚል፣ ማለትም በዘራቸው ብቻ የፈረደ ሐሳብ ነበር። መንግሥት ቅጂዎቹን አስቃጥሎ ሐሳቡን ቀይሮ ነበር፤ አንዱ ግን ተርፎ ኖሮ በዚህች ሴት እጅ ገባ።

ፒተር አይረንስ የተባለ ምሁርም ከፍትሕ ሚኒስቴር ፋይሎች ውስጥ ሌላ ማስረጃ አገኘ። ዴል ሚናሚ የሚመራው የወጣት ጠበቆች ቡድን ጉዳዩን በነጻ ያዘ። ከእነዚህ ጠበቆች ብዙዎቹ ወላጆቻቸው በካምፕ ያለፉ ናቸው። ሚናሚ ራሱ በ1972 ኦክላንድ ውስጥ ለድሃ ስደተኞች ጥብቅና የሚቆመውን የእስያውያን የሕግ ማኅበር ካቋቋሙት አንዱ ነው። በኅዳር 10 ቀን 1983 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ዳኛ ማሪሊን ሆል ፓቴል በኮሬማትሱ ላይ የነበረውን የጥፋተኝነት ፍርድ ሻሩ። በ1988 ደግሞ ኮንግረስ በይፋ ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20 ሺህ ዶላር ካሳ ወሰነ። ለዚህ ሕግ በምክር ቤት ውስጥ ከለፉት ሰዎች አንዱ ዱላውን የተቀማው ያ ልጅ፣ ኖርማን ሚኔታ ነበር። በዚያ ጊዜ የሳን ሆዜ ከንቲባ ሆኖ አልፎ የኮንግረስ አባል ሆኗል።

ተራው የእኛ ሲሆን

መስከረም 11 ቀን 2001 ሚኔታ የአሜሪካ የትራንስፖርት ሚኒስትር ነበር። አውሮፕላኖች ሁሉ እንዲያርፉ ሲደረግ ኃላፊው እሱ ነው። ከጥቃቱ በኋላ ባሉት ቀናት አረቦችና ሙስሊሞች አውሮፕላን እንዳይሳፈሩ ወይም በጅምላ እንዲያዙ የሚጠይቁ ድምፆች በረከቱ። ሚኔታ በ1942 የደረሰበትን አልረሳም። መሥሪያ ቤቱ ለአየር መንገዶች ባስተላለፈው ማሳሰቢያ ሰውን በመልኩ፣ በዘሩ ወይም በሃይማኖቱ ለይቶ ከአውሮፕላን ማስወረድ ሕገወጥ መሆኑን አስታወቀ። አየር ማረፊያው በስሙ የተሰየመውም በዚያው በ2001 ነው።

መስከረም 14 ደግሞ የኦክላንዷ ተወካይ ባርባራ ሊ በኮንግረስ ተነሳች። የቀረበው ሐሳብ ፕሬዚዳንቱ በጥቃቱ እጁ አለበት ባሉት አገር፣ ድርጅት ወይም ሰው ላይ ሁሉ ጦር እንዲያዘምቱ የሚፈቅድ ነበር፤ የጊዜም የቦታም ገደብ የለውም። 420 የምክር ቤት አባላት ደገፉት። የተቃወመችው አንድ ሰው ብቻ ናት፤ ባርባራ ሊ። የግድያ ዛቻ ደረሰባት፣ ለተወሰነ ጊዜም በፖሊስ ጥበቃ ኖረች። በ2002 በተደረገው ምርጫ ግን የኦክላንድና የአካባቢው ሕዝብ ከመቶ 80 በላይ በሆነ ድምፅ መልሶ መረጣት። ያ ውሳኔ ከአፍጋኒስታን አልፎ ሶማሊያንና የመንን ጨምሮ በብዙ አገሮች ለተካሄዱ ጥቃቶች ምክንያት ሆኖ ሲጠቀስ ያየ ሰው ፍርሃቷ ከየት እንደመጣ ይገባዋል።

በ2002 መንግሥት ከ25 አገሮች የመጡ፣ ዜግነትም ግሪን ካርድም የሌላቸው ወንዶች ቀርበው እንዲመዘገቡ አዘዘ። ከአንዷ በቀር ሁሉም ሕዝባቸው በአብዛኛው ወይም በከፊል ሙስሊም የሆነ አገሮች ናቸው፤ ጎረቤቶቻችን ኤርትራ፣ ሶማሊያና ሱዳንም ነበሩበት። ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች ተመዘገቡ፣ ከ13 ሺህ በላይ የሚሆኑት የማስወጣት ክስ ተመሠረተባቸው፤ በዚያ ምዝገባ በሽብር የተፈረደበት ግን አንድም ሰው አልተገኘም።

በዚህ ጊዜ ከጎናችን መጀመሪያ የቆሙት እነማን ነበሩ? በ1942 ማንም ያልቆመላቸው ጃፓናውያን አሜሪካውያን! በሳን ሆዜ የጃፓን ሰፈር፣ በአሜሪካ ከቀሩት ሦስት የጃፓን ሰፈሮች አንዱ በሆነው፣ በየካቲት ወር የመታሰቢያ ቀን ይከበራል። ሰዎቹ ሻማ አብርተው በሰፈሩ ይዞራሉ። ከ2001 ወዲህ በዚህ ቀን የሙስሊሞች ድምፅ ከመድረኩ ይሰማል። ዝግጅቱን የሚያሰናዳው የሰፈሩ የበጎ ፈቃድ ኮሚቴ ነው። አዛውንቱ ኮሬማትሱም በ2003 በጓንታናሞ የታሰሩ ሙስሊሞች ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት እንዲኖራቸው ለጠቅላይ ፍርድ ቤት የድጋፍ ጽሑፍ በስሙ አስገባ። ዕድሜው 84 ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተ።

እኛ «ነግ በእኔ» እንላለን። እነሱ ትናንት በእነሱ የደረሰውን አይተው ነው የመጡት።

ከወጥ ቤት የሚጀምር ሥራ

«እነዚህ ሚኒስትሮችና የኮንግረስ አባላት ናቸው፤ እኔ ምን አቅም አለኝ?» የምትል እህት ትኖራለች። ስለዚህ ባርባራ ሊ ከየት እንደተነሳች እንይ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኦክላንድ ውስጥ ሚልስ ኮሌጅ የምትማር፣ ሁለት ወንድ ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ፣ የመንግሥት ድጎማ የምትቀበል ሴት ነበረች። ልጆቿን ክፍል ይዛቸው የምትገባበት ጊዜ ነበር። በ1972 ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደረችውን ሸርሊ ቺዞምን ኮሌጁ ጋብዛ አገኘቻት፤ ቺዞምም መጀመሪያ ለመራጭነት ተመዝገቢ አለቻት። በከተማዋ በብላክ ፓንተር ፓርቲ የማኅበረሰብ ሥራዎችም በጎ ፈቃደኛ ሆና አገልግላለች። በ2025 የኦክላንድ ከንቲባ ሆና ተመርጣለች።

ብላክ ፓንተርን ብዙ ሰው የሚያውቀው በ1966 ኦክላንድ ውስጥ ሲመሠረት በያዘው ጠመንጃና ከፖሊስ ጋር በነበረው ደም ያፋሰሰ ግጭት ነው። ያም እውነት ነው፤ ማሳመር አያስፈልገውም። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ተርፎ የቆየው የቁርስ ሥራቸው ነው። በጥር 1969 በምዕራብ ኦክላንድ በሚገኘው የቅዱስ አውግስጢኖስ ቤተ ክርስቲያን፣ በአባ ኧርል ኒል ፈቃድ፣ ለተማሪዎች ነጻ ቁርስ ማቅረብ ተጀመረ። ሩት ቤክፎርድ የተባለች የዳንስ መምህርት ለልጆቹ ምን ይሻላል ብላ ሥራውን ካደራጁት አንዷ ናት። የሰፈሩ እናቶች ጎሕ ሳይቀድ ተነስተው እንቁላል ይጠብሳሉ፣ ገንፎ ያገነፋሉ፣ ሳህን ያጥባሉ። ልጆቹ በልተው ወደ ክፍል ይሄዳሉ። ሥራው ወደ ብዙ ከተሞች ተስፋፋ። በ1975 ደግሞ የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ቤት ቁርስን ቋሚ ፕሮግራም አደረገው። የመንግሥቱ ፕሮግራም በሙከራ ደረጃ ቀድሞም የነበረ ቢሆንም፣ የእነዚህ እናቶች ድካም የተራበ ልጅ መማር እንደማይችል ለአገር አሳየ። ዛሬ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ቁርስ ሲቀርብላቸው በዚያ ውስጥ የእነዚያ ሴቶች ላብ አለበት።

ሳን ሆዜም የራሱ ታሪክ አለው። በምሥራቅ ሳን ሆዜ በስፓኒሽ «ከቻልክ ውጣ» የሚል ስም የተሰጠው ጭቃማ የሜክሲኮ ስደተኞች ሰፈር ነበር። በ1952 ፍሬድ ሮስ የተባለ የማኅበረሰብ አደራጅ ወደዚያ መጥቶ ሴሳር ቻቬዝ የሚባል የእንጨት መጋዘን ሠራተኛ ፈለገ። ቻቬዝ መጀመሪያ ሸሸው፤ ሌላ ፈረንጅ ሊያጠናን መጣ ብሎ ነበር። በመጨረሻ ከሰማው በኋላ ግን ቀን ሠርቶ ማታ ማታ የሰውን በር እያንኳኳ መራጭ መመዝገብ ጀመረ። በኋላ የእርሻ ሠራተኞችን ማኅበር የመሠረተው ሰው መነሻው ይህ የማታ በጎ ፈቃድ ነው።

ከእኛም ወገን አንዲት እህት እዚያው ከተማ ሥራ ጀምራለች። በ1993 ማሃ ኤልጀናይዲ በሳን ሆዜ ኢስላሚክ ኔትወርክስ ግሩፕ የተባለውን ድርጅት መሠረተች። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ የሠለጠኑ ሙስሊም በጎ ፈቃደኞች ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያና ወደ ሆስፒታል እየሄዱ ስለ ሙስሊሞች ሕይወትና እምነት ለሚጠይቅ ሁሉ ያስረዳሉ። ከስምንት ዓመት በኋላ 2001 ሲመጣ ግን አገሩ ሁሉ መልስ የሚሰጠው ሰው ሲፈልግ፣ የሠለጠኑና የታወቁ ሰዎች በሥፍራው ነበሩ። ጎርፍ ሲመጣ ቦይ አይቆፈርም፤ ቀድሞ የተቆፈረ ነው የሚጠቅመው።

በጥር 2017 ከሰባት አገሮች የሚመጡ ሰዎች እንዳይገቡ ሲታገዱም ይህንኑ አይተናል። ትእዛዙ አርብ ተፈረመ፣ በዚያው ቅዳሜና እሑድ የሳን ፍራንሲስኮ አየር ማረፊያ በሰው ተሞላ። ጠበቆች ኮምፒውተራቸውን ይዘው መሬት ላይ ተቀምጠው በነጻ ሠሩ፤ ዐረብኛና ፋርሲ የሚችሉ ሰዎች ሊያስተረጉሙ መጡ። ከመጡት አብዛኞቹ ሙስሊም አልነበሩም። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተሻሻለውን እገዳ አጸደቀ፤ በዚያው ፍርድ ላይ ግን የኮሬማትሱ ፍርድ ሲወሰን ጀምሮ ስህተት እንደነበር ዳኞቹ በይፋ ጻፉ። በ2021 እገዳው ተነሳ፣ በ2025 ደግሞ ኤርትራን፣ ሶማሊያንና ሱዳንን የጨመረ አዲስ እገዳ መጣ። ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ አይደለም ማለቴ ነው።

የእኛስ ታሪክ ምን ይላል?

«ሙስሊም ካልሆኑ ሰዎች ጋር?» ለሚለው ጥያቄ ከሲራ የምናውቀው አንድ ታሪክ አለ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ነቢይ ከመሆናቸው በፊት፣ ገና ወጣት ሳሉ፣ አንድ የየመን ነጋዴ መካ መጥቶ እቃውን ለአንድ ባለሥልጣን ሸጠ። ገዢው ዋጋውን ከለከለው። ነጋዴው ባይተዋር ነው፣ ጎሣ የለውም፣ የሚጮህለት ዘመድ የለውም። ከቁረይሽ ጎሣዎች የተወሰኑት በዐብዱላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፣ የተበደለ ሰው የማንም ወገን ይሁን መብቱ እስኪመለስ ከጎኑ እንቆማለን ብለው ቃል ተጋቡ። ሒልፉል ፉዱል የሚባለው ይህ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በዚያ ስብሰባ ተገኝተው ነበር። ከነቢይነት በኋላም ያንን ቃል ኪዳን በመልካም ያነሱት ነበር፤ በእስልምና ውስጥም ወደዚያ ዓይነት ስምምነት ቢጠሩ እንደሚቀበሉ መናገራቸው ተዘግቧል። ያ ስብሰባ የሙስሊሞች ስብሰባ አልነበረም፤ ባለጉዳዩም ስደተኛ ነጋዴ ነበር።

የእኛን አገርማ ማን ይረሳል! የመጀመሪያዎቹ ስደተኛ ሙስሊሞች መጠጊያ ያገኙት በክርስቲያኑ ንጉሥ በነጃሺ አገር ነው። ኡሙ ሰለማን የመሳሰሉ ሴቶችም በመካከላቸው ነበሩ። ንጉሡ አሳልፌ አልሰጥም ባይል ኖሮ የእነዚያ ቤተሰቦች ዕጣ ምን ይሆን ነበር?

ቅርብ ወደሆነው ዘመን ስንመጣ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በመቶ ሺህ የሚገመት ሕዝብ ለሙስሊሞች እኩልነት አደባባይ ወጣ። ጥያቄዎቹ ግልጽ ነበሩ፤ በዓሎቻችን በአገር ደረጃ ይከበሩ፣ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላችን ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል የሚሉ ነበሩባቸው። በዚያ ሰልፍ ክርስቲያን ወንድሞችና እህቶች አብረው ወጥተዋል። በኋላ ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሐና መውሊድ የአገር በዓል ሆኑ። ዛሬ ዒድ በዓል ሆኖ ስናየው እንደ ፀሐይ መውጣት ቀላል ይመስለናል፤ ግን ሰዎች የወጡለት ነው፣ የእኛ ያልሆኑም ጭምር።

ወደ ሥራው ስንመጣ

ከዚህ ሁሉ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው፤ ፍትሕን ለብቻው ያመጣ ወገን በዚህ ታሪክ ውስጥ አላገኘሁም። ጃፓናውያን ብቻቸውን በነበሩ ጊዜ ተወሰዱ። እኛ በ2001 እንደ እነሱ ያልተወሰድነው አንዱ ምክንያት የእነሱን ታሪክ ሰው ስለሚያውቅና የሚጮሁልን ሰዎች ስለነበሩ ነው። ያ ብድር ነው፣ የሚከፈለውም ለሚቀጥለው ተበዳይ ነው።

ለመጀመር ለምታስቡ እህቶች ጥቂት ነገር ልበል።

በቅርብ ካለው ጀምሩ። በሳን ሆዜ የሰላምና የፍትሕ ማዕከል ከ1957 ጀምሮ አለ። በኦክላንድም በየሰፈሩ የምግብ እደላ፣ የተከራዮች መብት፣ የስደተኞች እርዳታ ቡድኖች አሉ። በወር አንድ ስብሰባ መቀመጥ፣ ስልክ መደወል፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ማስተርጎም፣ ምግብ መሥራት ሁሉ ሥራ ነው። የእድር ሥራ የምታውቅ ሴት ይህን ለመማር ብዙ አይከብዳትም፤ ሂሳብ መያዝ፣ ድንኳን ማስተከል፣ ያዘነን ቤት ማንኳኳት ቀድሞም የምታውቀው ነው።

መስመራችሁን ቀድማችሁ ተናገሩ። የሰላት ሰዓት ሲደርስ ትንሽ ቦታ እንደምትፈልጉ፣ የምትበሉትንና የማትበሉትን፣ የማትገኙበትን ዓይነት ዝግጅት በጨዋነት ንገሯቸው። አንድ ቡድን ሦስት ጉዳይ ይዞ በሁለቱ ብትስማሙ በሁለቱ ሥሩ፤ ሦስተኛው ላይ «በዚህ አልካፈልም» ማለት ነውር አይደለም። ባርባራ ሊ ከ420 ሰው ተለይታ እምቢ ብላለች።

ወረቀታችሁን እወቁ። ዜጋ ካልሆናችሁ፣ ግሪን ካርድ ቢኖራችሁም፣ ማንም ቅጽ ቢሰጣችሁ ለመራጭነት አትመዝገቡ፤ ዜጋ ነኝ ብሎ መፈረም ከአገር እስከማስወጣት ያደርሳል። በከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ተነስቶ መናገር፣ በስብሰባ መገኘት፣ ጎረቤትን መርዳት ግን ዜግነት አይጠይቅም። ሰልፍ ለመውጣት የምታስቡና ወረቀታችሁ በሂደት ላይ የሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ጠበቃ አማክሩ።

ቤታችሁን አትበድሉ። የሰውን ልጅ አበላለሁ ብሎ የራስን ልጅ ማስራብ ፍትሕ አይደለም። ከባል ጋር መመካከር፣ በወር ሁለት ሰዓት ብቻ መስጠት፣ ልጆቹን ይዞ መሄድ ይቻላል። የኮሬማትሱ ልጅ የአባቷን ታሪክ ከክፍል ጓደኛዋ ሰማች፤ የእኛ ልጆች እናታቸው ለማን እንደቆመች ከእኛው አፍ፣ ቢቻልም በዓይናቸው ቢያዩት ይሻላል።

ደግሞም ውጤቱን ቶሎ አትጠብቁ። ኮሬማትሱ ፍርዱ እስኪሻር 41 ዓመት ጠብቋል። አይኮ ያን ጥራዝ ከማግኘቷ በፊት ለዓመታት ሌላ ሌላ ወረቀት ስታገላብጥ ኖራለች። ኒያው ከጠራ፣ ሥራው ለአላህ ከሆነ፣ የታየውም ያልታየውም ድካም እሱ ዘንድ አይጠፋም።

አላህ ከተበዳይ ጎን የሚቆሙ ያድርገን፣ በዳይ ከመሆንም ይጠብቀን። ልጆቻችንን በዚህ አገር ሳይፈሩና ሳያስፈሩ የሚኖሩ ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።